ከቅሬ ወሬ እስከ ደብተር፦ በደሴ ዙሪያ ስለ ዱር እንስሳት ምዝገባ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የሰፈሩ ወሬ የሚሰበሰበው ቅሬ፣ ማለትም በሌላው አካባቢ እድር በሚባለው ላይ ነው። ቀብር ተፈጽሞ ሰው አረፍ ሲል ማን እንደታመመ፣ የማን በሬ እንደጠፋ፣ የምንጩ ውኃ ለምን እንደቀነሰ ይነገራል፤ በመካከሉም ጅብ በየት በኩል እንደጮኸ፣ ጃርት የማንን ድንች እንደቆፈረ፣ ጭላዳ ከየትኛው ገደል ወጥቶ ገብስ ውስጥ እንደገባ ይወሳል። ይህ ሁሉ በአፍ ተነግሮ በአፍ ይቀራል። ለምን እንደማይጻፍ ስጠይቅ የምሰማቸው መልሶች ተመሳሳይ ናቸው፤ አብዛኞቹም የተሳሳቱ ናቸው።

«መመዝገብ የባለሙያ ሥራ ነው»

ለአንድ ምዝገባ የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው፦ ምን ታየ፣ የት ታየ፣ መቼ ታየ፣ ማን አየው። ለዚህም ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ባለሙያ ለሳምንት መጥቶ ይመለሳል፤ በጦሳ ተራራ ግርጌ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። ፎቶ ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖር የእንስሳው መጠን፣ የፀጉሩ ቀለምና የጅራቱ ቅርጽ በጥንቃቄ ተጽፎ ሌላ ሰው ሊመረምረው ይችላል።

«የተለመደ እንስሳ ምኑ ይጻፋል?»

ከኩታበር በኩል ባለ አንድ ቅሬ ላይ ተቀምጠን ሳለ ይህንኑ የጠየቁኝ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከበላያችን ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያርገበግቡ ይዞሩ ነበር። እሳቸው በከዘራቸው ወደ ሰማይ እያመለከቱ «ልጄ፣ ይሄ አባቶቻችንም ያዩት አሞራ ነው፤ ምኑ ይጻፋል?» አሉኝ። ቆጠርኳቸው፤ 14 ነበሩ። በወጣትነትዎ ዘመን ከዚህ ይበዙ ነበር ወይስ ያንሱ ነበር ብዬ ስጠይቃቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «ይበዙ ነበር፤ በስንት እንደሆነ ግን ማን ቆጠረው» ሲሉ መለሱልኝ።

የጥያቄው መልስ እዚሁ ውስጥ አለ። በሕንድ ጥንብ አንሳ በየከተማውና በየገጠሩ የሚታይ፣ ማንም ልብ የማይለው ወፍ ነበር። ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ለከብት መሰጠት ሲጀምር፣ የታከመው ከብት ሞቶ ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ሁሉ ኩላሊቱ ሥራ እያቆመ ይሞት ጀመር። ጀርባ ነጩ የጥንብ አንሳ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በዚያች አገር ከ99 በመቶ በላይ አለቀ። ጥፋቱ በቁጥር ሊታወቅ የቻለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰዎች በየመንገዱ እየሄዱ ቆጥረው የጻፉት መዝገብ ስለነበረ ነው፤ ሕንድም መድኃኒቱ ለከብት እንዳይመረት እ.ኤ.አ. በ2006 አገደች። ከአገራችን ጥንብ አንሳዎች መካከል በየቄራው የሚታየው፣ አነስ ያለውና ቀጭን ምንቃር ያለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2015 እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። በአፍሪካ ዋነኛ ገዳያቸው ለጅብና ለውሻ ተብሎ የሚጣል የተመረዘ ሥጋ ነው። ስለዚህ ዛሬ 14 ብሎ መጻፍ ከንቱ ድካም አይደለም።

«ቀበሮ ያው ቀበሮ ነው፤ ጭላዳም ያው ዝንጀሮ ነው»

ስም ከተምታታ መዝገቡ ይበላሻል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ፣ ቁጥሩም በጥቂት መቶዎች ብቻ የሚገመት እንስሳ ነው። በእኛ ደቡብ ወሎ የሚኖረው እንደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ባለ ከፍተኛ ውርጭማ ቦታ፣ በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ዋነኛ ምግቡም አይጥ ነው። በኮምቦልቻ ዙሪያ በግ የነጠቀው «ቀይ ቀበሮ» ሲባል እንግዲህ በአብዛኛው ሌላው ተራው ቀበሮ ነው፤ በሌላው ጥፋት የሚወቀሰው ብርቅዬው መሆኑ ያሳዝነኛል። ጭላዳን ደግሞ ደረቱ ላይ ባለው ፀጉር አልባ ቀይ ቆዳ መለየት ይቻላል። ከሁሉ ይልቅ የሚመገበው ሣር ነው፤ የገብስ ማሳ ውስጥ መግባቱ ግን እውነት ስለሆነ የገበሬው ቅሬታም አብሮ ሊጻፍ ይገባዋል።

«ቀኑ በግምት ይበቃል»

ብዙ መዝገብ ከንቱ የሚቀረው በዚህ ነው። ገበሬው ቀን የሚይዘው በበዓል ነው፤ «በጥምቀት ማግሥት» ሲል ዓመቱ ከተጨመረበት በቂ ነው፤ «የዒድ ሰሞን» ግን ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ከዓመታት በኋላ የትኛው ወር እንደነበረ አይታወቅም። ክረምቱ ሲወጣ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች መቼ እንደደረሱ ለማወቅ የጥቂት ቀናት ልዩነት እንኳ ዋጋ አለው። ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የታየ ወፍ በፈረንጆች ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። በሰዓትም እንዲሁ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት የታየን ወፍ እንደ ኢበርድ ባለ ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ «1:00» ብሎ ያስገባ ሰው ወፉን ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዳየው ይቆጠራል፤ መግባት የነበረበት 7:00 ነው። ለሌሊት ጩኸት ደግሞ የራሳችን አባባል ከማንኛውም ይሻላል፤ «ለዓርብ አጥቢያ» ተብሎ ሲጻፍ የሐሙስ ነው የዓርብ የሚል ክርክር አይነሳም።

«ምንም ካልታየ የሚጻፍ የለም»

ወደ የጎፍ ደን ሁለት ሰዓት ተጉዞ ጉሬዛ አለማየትም ወሬ ነው። የሄዱበት ቀን፣ መንገድና የቆዩበት ጊዜ ተጽፎ «አልታየም» ይባል።

«ያየሁትን ሁሉ ለሁሉም መንገር አለብኝ»

ይህኛው ከቅንነት የሚመጣ ስሕተት ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተሳስቼበታለሁ። ነብር ግልገሎቿን ያሳደረችበት ዋሻ በቅሬ ላይ ሲነገር፣ ከሚሰሙት መካከል ፍየሉ የተበላችበት ሰው ሊኖር ይችላል፤ የንስር ጎጆ የተሠራበት ገደል በስም ሲጠራም ጫጩት ለማውረድ የሚወጣ ልጅ አይጠፋም። አይናቹራሊስት የተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ትክክለኛ ቦታ ከሕዝብ የሚሰውረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛም በወሬው ላይ የወረዳውን ስም ብቻ ብንናገርና ገደሉን በደብተራችን ብናስቀር ይሻላል፤ ፍየሏ የተበላችበት ሰው ጉዳት ግን በወሬውም በደብተሩም ከነቀኑ ይጻፍ።