ሳህኑን ግማሽ በልቶ «ጨረስኩ» የሚለው ለምንድነው?

«ስትሮክ ከመታው በኋላ ዓይኑ ተመርምሮ ደህና ነው ተባለ፣ ታዲያ ለምን በግራው ያለውን አያይም?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ባጭሩ ላስረዳ።

ማየት ሌላ፣ ልብ ማለት ሌላ ነው። ዓይኑ ደህና ቢሆንም አንጎሉ በዚያ በኩል ያለውን ልብ አይለውም። ለምሳሌ የሳህኑን ቀኝ ግማሽ ጥርግ አድርጎ በልቶ፣ የግራው እንዳለ ተቀምጦ «ጨረስኩ» ይላል። ጠግቦ ወይም እየቀለደ አይደለም፣ ለእሱ በቃ የለም! ሳህኑን ብታዞሩለት ይበላል። ግማሽ ፊቱን ብቻ ተላጭቶ የሚወጣም አለ።

ይህ የግራውን ልብ ያለማለት ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ ነው። ይህ እርግጥ ነው። የሚለያየው የመሻሻሉ ፍጥነት ነው፤ አንዱ በሳምንታት ይሻለዋል፣ ሌላው ወራት ፈጅቶም ችግሩ በጥቂቱ አብሮት ይቆያል።

«እይ እንጂ!» ብሎ መቆጣት ዋጋ የለውም፣ ችግሩን ራሱም ላያውቀው ይችላል። መንገድ ሲሻገር በግራው በኩል ሁኑ፤ መኪና ደግሞ ሐኪም ሳይፈቅድ አይንዳ።