የቻይኮቭስኪ 6ኛ ሲምፎኒ እና የአጨዋወቱ ሚዛን

ከሮማንቲክ ዘመን (በተለይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን) ሲምፎኒዎች፣ ማለትም ለኦርኬስትራ ከተጻፉ ባለ ብዙ ክፍል ረጃጅም ሥራዎች፣ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቻይኮቭስኪን 6ኛ እመርጣለሁ። አንድን ኦርኬስትራ ለመመዘንም ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ሥራው አራት ክፍሎች አሉት፤ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ኦክቶበር 28 ቀን 1893 በሴንት ፒተርስበርግ ነው። ኦርኬስትራውን የመራው ራሱ ቻይኮቭስኪ ነበር። አድማጩ ግር አለው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደራሲው አረፈ፤ የሞቱ ምክንያት ኮሌራ ነው ተባለ። በኖቬምበር 18 የኦርኬስትራ መሪው ኤድዋርድ ናፕራቭኒክ በድጋሚ ሲመራው ግን ያው ሙዚቃ የሰውን ልብ ነካ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሥራውን እንደ ስንብት ነው የሚሰሙት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቻይኮቭስኪ ሲጽፈው በሞት አፋፍ ላይ አልነበረም። ሥራውን ላበረከተለት ለእህቱ ልጅ ለቭላዲሚር ዳቪዶቭ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሥራዎቹ ሁሉ ምርጡና ከልብ የመነጨው ይህ እንደሆነ ነግሮታል። «ፓቴቲክ» የሚለው ስሙም በሩሲያኛ ስሜት የሞላበት ማለት ነው፤ አሳዛኝ ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ የሚያለቅስ አጨዋወት ለእኔ ስህተት ነው። ሁሉም ነገር ለቅሶ ከሆነ የመጨረሻው ክፍል ምን ይቀረዋል?

የመጀመሪያው ክፍል ዋና ፈተና ዝምታ ነው። ክላሪኔት የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ የሚያምረውን ዜማ ቀስ እያለ ወደ ታች ያወርደዋል። የመጨረሻዎቹን አራት ኖታዎች «ባሱን» የተባለው ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ይረከባል። ቻይኮቭስኪ እዚያ ላይ «ፒ» የሚለውን የለሆሳስ ምልክት ስድስት ጊዜ ደርድሮ ጽፏል። ባሱን በዚያ ቦታ ይህን ያህል ለስልሶ መጫወት ስለሚከብደው ብዙ መሪዎች ኖታዎቹን ለባስ ክላሪኔት ይሰጣሉ። እኔ አልቃወምም፤ ድምፁ እንዳይቋረጥ ይረዳል። ወዲያው መላው ኦርኬስትራ እንደ መብረቅ ይወርዳል። ዝምታው እውነተኛ ከሆነ ከወንበርህ ያስነሳሃል። ካልሆነ ጩኸት ብቻ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የነሐስ መሣሪያዎቹ ከሩሲያ ኦርቶዶክስ የሙታን ጸሎት የተወሰደ ዜማ ያሰማሉ። ይህ በሁካታው ተውጦ ከቀረ ጥፋቱ የመሪው ነው።

ሁለተኛው ክፍል ቫልስ የተባለውን ባለ ሦስት ምት ዳንስ ይመስላል፤ ምቱ ግን ሦስት ሳይሆን አምስት ነው። ጥሩ ኦርኬስትራ ሲጫወተው መቁጠሩን ትረሳዋለህ። ሦስተኛው ደግሞ ማርሽ ነው፤ እየጋለ ሄዶ ሲያበቃ አዳራሹ ብዙ ጊዜ በጭብጨባ ይናጋል። ሥራው ያለቀ ስለሚመስላቸው በአጨብጫቢዎቹ አልፈርድም። የቤትሆቨን 5ኛ፣ የብራምስ 1ኛ፣ የቻይኮቭስኪ የራሱ 5ኛ እንዲህ በድል ነው የሚያበቁት። ብራምስ በ1885 የቀረበውን 4ኛውን በሐዘን ዘግቶት ነበር፤ እሱም ግን አዝጋሚ አይደለም። አዝግሞ እየከሰመ የሚያልቅ ሲምፎኒ ለዚያን ጊዜ ሰው እንግዳ ነገር ነው።

አራተኛው ክፍል አንድ ድንቅ ነገር ይዟል። መክፈቻውን ዜማ ብቻውን የሚጫወተው ማንም የለም። አንዱ ኖታ በአንደኛ ቫዮሊኖች፣ ተከታዩ በሁለተኛ ቫዮሊኖች እየተፈራረቀ ይሄዳል። ዜማው የሚገጣጠመው በአድማጩ ጆሮ ውስጥ ነው። በቻይኮቭስኪ ዘመን ሁለቱ የቫዮሊን ቡድኖች ከመሪው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት መቀመጣቸው የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ ሐዘኑ ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ዛሬ ብዙ ኦርኬስትራዎች ሁለቱንም በአንድ ጎን ስለሚያስቀምጡ ይህ ይጠፋል። ኮንሰርት ከገባህ መጀመሪያ አቀማመጣቸውን እይ።

ከቀረጻዎች ሁለቱን ማወዳደር ብቻውን ብዙ ያስተምራል። ሌኒንግራድ ፊልሃርሞኒክን ከ1938 እስከ 1988 የመራው የቭጌኒ ምራቪንስኪ በ1960 ሲቀርጸው የመጨረሻው ክፍል አሥር ደቂቃ አይሞላም። አሜሪካዊው መሪ ሌናርድ በርንስታይን በ1986 ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር ያንኑ ክፍል ከ17 ደቂቃ በላይ አስኬደው። ልዩነቱ ለማመን ይከብዳል። የበርንስታይን የሚወደድበት ምክንያት ይገባኛል፤ እያንዳንዱ ኖታ እስከ ጥጉ ተስቧል። እኔ ግን ምራቪንስኪን እመርጣለሁ። ምቱ ስለማይሞት ሐዘኑ ወደፊት ይገፋሃል፤ እንባህን አይለምንህም፣ እንባህ ግን ይመጣል።

መጨረሻው አካባቢ ታምታም የሚባለው ትልቁ የነሐስ ጎንግ አንዴ ብቻ፣ በቀስታ ይመታል። ትሮምቦንና ቱባ የተባሉት የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ይከተላሉ። ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ቼሎና ባስ፣ ብቻ ይቀራሉ፣ እነሱም ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማ እዚህ ጋ ድምፁን አትጨምር። መሪው በእጁ አየሩ ላይ እንደያዘው ተወው።