በማኅተም የተዋበ ሻማ፦ የድሬዳዋ የስጦታ እጅ ሥራ

በማኅተም የተዋበ ሻማ ማለት የታተመ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ሰሙ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠበት ወፈር ያለ ሻማ ነው። ለልደት፣ ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለክርስትና ወይም ለበዓል በስጦታነት ይሰጣል። ዕቃው ብዙ አይደለም፤ ነጭ ሻማ፣ ስስ ወረቀት፣ ቀለም፣ ማኅተምና ማሞቂያ ይበቃል። ድሬዳዋ ላይ ግን ከዕቃው ይልቅ ሥራውን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ ሻማ ሳይለኮስ የሚልፈሰፈስባት ናት። ከፍ ያለችው ሐረር በዚህ በኩል ትሻላለች።

ሱቅ የሚሸጠው ሻማ አብዛኛውን ጊዜ ከድፍድፍ ነዳጅ ከሚገኝ ፓራፊን የተሠራ ነው። ፓራፊን እንደ ዓይነቱ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ይቀልጣል። የንብ ሰም ደግሞ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ሙቀት ይችላል፤ ቢጫነቱ ግን የታተመውን ቀለም ይለውጠዋል። ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ሮዝ ብርቱካን ይመስላል። ስለዚህ ለሥዕል ነጩ ፓራፊን፣ ለጠረኑና ለክብሩ የንብ ሰም ይመረጣል። የንብ ሰም ለአገሬው እንግዳ አይደለም። የጥጥ ፈትል በሰም ተለብጦ የሚሠራው ጧፍ ከሱ ነው የሚወጣው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣው ምእመንም ስእለቱን ከሚያስገባባቸው ነገሮች አንዱ ጧፍ ነው። ጧፍን ማስጌጥ ግን ትርፍ ድካም ይመስለኛል፤ የተሠራው እዚያው ሊነድ ነው።

መብራት ሲጠፋ የምንለኩሰው ቀጭን ሻማም እንዳለ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ወረቀቱ ከክሩ አጠገብ ስለሚሆን እሳት ይይዘዋል። ቢያንስ ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። ወፍራም ሻማ ካልተገኘ ቀጫጭኖቹን አቅልጦ ባዶ የጁስ ካርቶን ውስጥ ማፍሰስ ይቻላል። ካርቶኑ ተቀዶ ሲወጣ አራት ማዕዘን ሻማ ይወጣል፤ ገጹ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከክቡ ይልቅ ለማተም ይመቻል። ሰም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በክሩ ዙሪያ ይጎደጉዳል፤ ጥቂት አስቀርቶ በኋላ መሙላት ነው። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ጣሳው ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ይቀመጣል። ከጋለ ሰም ራሱ እሳት ይይዛል፤ ከተያያዘ ደግሞ ውሃ መድፋት ነበልባሉን ይበትነዋልና በክዳን ማፈን ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ማኅተሙን በቀጥታ ሻማው ላይ ማሳረፍ አይሠራም። ሰም ውሃነት ያለውን ቀለም አይቀበልም፤ ይንሸራተታል፣ በጣት ሲነካም ይጠረጋል። መፍትሔው ስስ ነጭ ወረቀት ነው፤ አዲስ ጫማ በካርቶኑ ውስጥ የሚጠቀለልበት ዓይነት። ቀለሙ አልፎ ስለሚወርድ ከሥር ሌላ ወረቀት ይነጠፋል። ከታተመ በኋላ በደንብ ይደርቅና የሥዕሉን ጠርዝ ተከትሎ ይቆረጣል። ሻማው ላይ ከተቀመጠ በኋላ በመጋገሪያ ወረቀት ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፣ የወረቀቱ ጫፎች ከኋላ በአንድ እጅ ይያዛሉ፣ በሌላው እጅ በፀጉር ማድረቂያ ሙቅ አየር ይነፋበታል። መጀመሪያ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ከዚያ አንዱ ጥግ ማብረቅ ይጀምራል፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ እየወጣ ነው። ብርቀቱ ሥዕሉን ሁሉ ሲሸፍን ማድረቂያው ይነሣል። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል የመጋገሪያው ወረቀት ቀስ ብሎ ይላጣል። በትኩሱ የላጠ ሥዕሉንም ይልጣል።

ነጩ ወረቀት የት ገባ? አልጠፋም። በወረቀቱ ቃጫዎች መካከል የነበረውን አየር ሰም ስለተካው፣ ዘይት እንደነካው ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፤ ለዓይን የሚቀረው ቀለሙ ብቻ ነው። መብራት የሌለ እንደሆነ ማንኪያ አግሎ በጀርባው በመጋገሪያው ወረቀት ላይ ማሸት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጥላሸቱ ግን አስቀድሞ በጨርቅ መጠረግ አለበት።

ማኅተሙን ራስ መቅረጽ ይቻላል። ድንች ለአንድ ቀን ያገለግላል፣ ላጲስ ይሰነብታል። ጥሩው የከመነዳሪ ጎማ ነው፤ በምላጭ ተቆርጦ እንጨት ላይ በማስቲሽ ይለጠፋል። የማኅተም ቀራጭ ዘንድ ማስቀረጽም አለ። ጽሑፍ ከሆነ ወደ ግራ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ፊደላችን ወጥመድ አለው። «ባ» ሲገለበጥ «ቦ»ን ይመስላል፣ «ሳ»ም «ሶ»ን፤ የረዘመው እግር ቦታ ይለዋወጣላ! «ለባለቤቴ» ብሎ የጀመረ «ለቦለቤቴ» ሊያነብ ይችላል። ሳይገለበጥ የተቀረጸም ቢሆን በስስ ወረቀት ዘዴ መዳኛ አለው። ወረቀቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጎ ማጣበቅ ጽሑፉን ያቃናዋል።

የሥዕሉ ምርጫ የጣዕም ጉዳይ ነው። ለእንቁጣጣሽ ልጆች በወረቀት ሥለው ለጎረቤት የሚያዞሩት አበባ ለሻማም ይሆናል። ለሰርግ የሂና ሐረግ ያምራል። ከሐረር ስፌት የሚወሰደው ማዕዘናማ ጌጥ ለቀራጭ ከሁሉ ይቀላል፤ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ምላጭ አያስቸግርም፣ አንዱን ቅርጽ ደጋግሞ በማተም ሻማውን የሚዞር መቀነት ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጀጎል ግንብ በሮች፣ ግመልና ባጃጅም ይሆናሉ። የባቡር ጣቢያውንም መርሳት አይገባም፤ ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ብዙ ዝርዝር ያለበት ሥዕል ግን በሙቀቱ ስለሚደበዝዝ ጥቂት መስመር ይመረጣል።

ያለ ወረቀት፣ በመጫን ብቻ የሚሠራም አለ። የሻማው ገጽ ለስለስ ብሎ ሲሞቅ የእንጨት ማኅተም ውሃ ተነክሮ ይጫንበታል። ውሃው ሰሙ እንዳይጣበቅ ይከላከላል። የጎደጎደው ቦታ በወርቃማ ቀለም ተሞልቶ ትርፉ ይጠረጋል።

ስጦታ ተቀባዩ ሻማውን መለኮስ ይፈራል፤ «ያሳዝናል» ብሎ ቡፌ ላይ ያስቀምጠዋል። መለኮስ ይቻላል። ሥዕሉ ከላይኛው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠና ክሩ ለሻማው ስፋት ቀጠን ያለ ከሆነ፣ እሳቱ መሐሉን እየበላ ይወርዳል፣ ግድግዳው ይቀራል፣ ሥዕሉም ከውስጥ ይበራል። ብልጭልጭ ዱቄት፣ ሪባንና የደረቀ አበባ ግን እሳት ይስባሉ፤ የሚነድ ሻማ ላይ አለመጨመር ነው።

ለገና የሚሆነውን ስጦታ ለመሥራት ታኅሣሥ ይስማማል፤ ድሬዳዋ ቀዝቀዝ የምትልበት ወቅት ነው። በግንቦት የሚሠራ ሰው ሌሊቱን ቢመርጥ ይሻለዋል። የተጠናቀቀው ሻማ በሴሎፋን ተጠቅልሎ ቆሞ ይቀመጣል፤ ከተጋደመ ይጎብጣል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ማስቀረት አይታሰብም። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ከሞተሩ በራቀ በኩል፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይጫናል። ገጹ የተፋተገ በናይሎን ካልሲ ቢታሽ ያበራል። የተበላሸውን መልሶ ማቅለጥ ነው፤ በጨርቅ ሲጠለል ወረቀቱ ይቀራል፣ ሰሙ ለቀጣዩ ይሆናል።