«ስቴጅ 3» ፍሪሲዮን ስንል ምን ማለታችን ነው?

አዳማ ውስጥ መኪናቸው ላይ ቱርቦ ያስገቡ ልጆች ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለያየው ክላች) ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስቴጅ ስንት ነው?» ብለው ነው። ስቴጅ ፋብሪካዎች ለፍሪሲዮኑ ጥንካሬ የሚሰጡት ደረጃ ነው። ቁጥሩ ግን የጋራ መለኪያ የለውም፤ የአንዱ ፋብሪካ ስቴጅ 2 ከሌላው ስቴጅ 3 ሊበልጥ ይችላል። መታየት ያለበት ፍሪሲዮኑ የሚችለው ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ነው፣ በኒውተን ሜትር የተጻፈው።

የፈረስ ጉልበትም ብቻውን ያሳስታል። 300 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ7,000 ዙር የሚያወጣ ሞተር በዚያ ዙር ላይ ቶርኩ 305 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ያንኑ ጉልበት በ4,000 ዙር የሚያወጣው ግን 534 ይደርሳል። የፍሪሲዮኑን ሸራ (ተጭኖ የሚይዘውን ንጣፍ) የሚፈትነው ይሄኛው ነው።

ስለዚህ ከሞተሩ ከፍተኛ ቶርክ ከፍ ያለ ይመረጣል፤ ከልክ ያለፈ ግን አይጠቅምም። ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌት (ሸራውን የሚጫነው ሳህን) ፔዳሉን ያከብደዋል፣ የሴራሚክ ሸራ ደግሞ ድንገት ስለሚይዝ በባጃጅ መሃል ቆም ነሳ ሲሉ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ለዕለት ተዕለት መንገድ ቶርኩን እስከቻለ ድረስ ለስለስ ብሎ የሚይዘውን ኦርጋኒክ ሸራ እመርጣለሁ።

በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። አዲሱ ከመታሰሩ በፊት ሸራው የሚያርፍበት ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ተቃጥሎ እንደሆነ ይታይ።