የሐር ጥለትና ምልክቶቹ በጎጃም

ለጎጃም ሸማኔ ሐር የሩቅ አገር ዕቃ ነበር። ከቻይናና ከህንድ ተነሥቶ በምጽዋ በኩል ጎንደር ይደርሳል፤ ሲራራ ነጋዴው ደግሞ ዐባይ አፋፍ ድረስ፣ እስከ ባሶ ገበያ ያወርደዋል። ዋጋው የሚቀመስ ስላልነበር ከላይ እስከ ታች ሐር የሚለብሰው መኳንንቱ፣ የሚጋረድበትም መቅደሱ ነው። ሌላው ሰው በአንገቱ ማተብ፣ ሲደላውም በጥጥ ሸማው ጥለት ይበቃዋል።

በጥለት ላይ ከሁሉ የሚታወቀው ቅርጽ መስቀል ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን እየረገጠ፣ ድሩን በቁጥር እየለየ ባለቀለሙን ማግ ያሳልፋል። አንድ ክር ከተዘለለ የመስቀሉ ክንድ ይዛነፋል። ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚገናኙ ክብ ነገር አይወጣላቸውም፤ መስቀሉም በደረጃ ደረጃ ያድጋል፣ ጫፉም ይሾላል። እየተጠማዘዘ የሚሄደው ሐረግ የብራናና የጥልፍ ጌጥ ነው። ዛሬ ለእያንዳንዱ ማዕዘን ምሥጢር የሚያወጡ ሻጮች በርክተዋል፤ ብዙው ቅርጽ ግን የሽመናው ጠባይ ያመጣው ነው። ደግሞም በጎጃም ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ መስቀሉን የሚሠሩት ለባሹ ስለሚፈልገው ነው።

የማያሻማው ምልክት ያለው አለባበሱ ላይ ነው። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ነጠላውን ያዘቀዝቃል፤ ከታች ይወርድ የነበረው ጥለት ወደ አንገት ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደግሞ መስቀለኛ ያጣፋዋል። ያው ጥለት፣ ያው ቀለም፣ ሌላ ንግግር።

የሰው ምስል በሐር ተሸምኖ የሚታየው በጎንደር ዘመን የመቅደስ መጋረጃዎች ላይ ነው። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተረፉት ዝነኞቹ ዛሬ ለንደንና ቶሮንቶ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የተሠሩት በተራ ሸማኔ ዕቃ አይደለም፤ ማዕዘናቸው በተበሳ ትናንሽ ገበታዎች ክሩን እያሳለፉ፣ ገበታውን እያዞሩ ነው። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት ባለው ናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች፤ የዘመኑ ሠዓሊዎች ከውጭ የሚመጣውን ባለአበባ ግምጃ በጥንቃቄ ይሥሉ ስለነበር፣ ጨርቁ ያለቀበትን ጌጥ ቀለሙ አቆይቶታል።

አሁን ገበያ ላይ «ሐር» የሚባለው ፈትል አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። ያብረቀርቃል፣ ርካሽ ነው፣ ቀለሙም እንደ ልብ ስለሚገኝ ጥለቱ ከቀድሞው እየሰፋ ሄዷል።