ያገለገለ ልብስ የሚያገበያይ አፕ ሲሠራ ምን ይታሰባል?

ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት አፕ ከላይ ሲያዩት ከማንኛውም የኦንላይን ሱቅ አይለይም። ፎቶ አለ፣ ዋጋ አለ፣ «ግዛ» የሚል ቁልፍ አለ። ውስጡ ግን ሌላ ነው። አዲስ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ አንዱን ሸሚዝ አንዴ ፎቶ አንስቶ ሺህ ጊዜ ይሸጠዋል። እዚህ እያንዳንዱ ሸሚዝ አንድ ብቻ ነው፤ ፎቶውም መግለጫውም ዋጋውም ለእሱ ብቻ ይዘጋጃል፣ ሲሸጥ ያ ሁሉ ልፋት አብሮ ያልቃል። ልፋቱ ደግሞ የነጋዴ ሳይሆን ቁም ሳጥኑ የሞላበት ተራ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ ዲዛይነር ስለ ገዢው ሲጨነቅ፣ እኔ መጀመሪያ ሻጩን እዩት ባይ ነኝ። ሻጩ ከሰለቸው የሚገዛ ነገር የለም።

ዘርፉ ብዙም አላረጀም። ያገለገለ ልብስ የሚያገበያየው ቪንትድ በ2008 እ.ኤ.አ. በሊትዌኒያዋ ቪልኒየስ ተመሠረተ፤ መነሻው ከመሥራቾቹ አንዷ ሚልዳ ሚትኩቴ ቤት ልትቀይር ስትል የተትረፈረፈባት ልብስ ነበር። ዲፖፕ በ2011 ሚላን ውስጥ፣ ፖሽማርክም በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ መጡ። እነዚህ ሰውን ከሰው ያገናኛሉ። በ2009 የተጀመረው ትሬድአፕ መንገዱ ለየት ይላል፦ ሻጩ ልብሱን በከረጢት ይልካል፣ ፎቶውንና ዋጋውን ድርጅቱ ይጨርሰዋል። ለሻጩ እፎይታ ነው፤ ግን መጋዘንና ሠራተኛ ስለሚጠይቅ ሻጩ እጅ የሚገባው ገንዘብ ያንሳል።

ልብሱን አፑ ላይ መለጠፍ ቀላል መሆን አለበት። ካሜራው ራሱ «ከፊት፣ ከኋላ፣ የአንገት ጽሑፉን፣ ጉድለት ካለ ጉድለቱን» እያለ ቢመራ ጥሩ ነው። ቀለሙንና ዓይነቱን ስልኩ ከፎቶው ገምቶ ይሙላ፣ ሰውየው ያርም። መሃል ላይ ስልክ ቢደወልለት የጀመረው እንዳይጠፋ ረቂቁ በራሱ ይቀመጥ። ፎቶ የሚያስውብ ነገር ግን ባይኖር ይሻላል፤ እድፉን ደብቆ የተሸጠ ልብስ ተመልሶ ይመጣል፣ ከነጭቅጭቁ።

ትልቁ ራስ ምታት የልብሱ ልክ፣ ማለትም መጠኑ፣ ነው። የአንዱ ፋብሪካ «ኤም» የሌላው «ኤስ» ነው፣ በዚያ ላይ ልብሱ ታጥቦ ታጥቦ ጠቦ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ልብሱን ጠፍጣፋ ቦታ ዘርግቶ በሴንቲሜትር መለካት ነው፦ ደረቱን ከብብት እስከ ብብት፣ ርዝመቱን፣ ለሱሪ ደግሞ ወገቡንና የእግሩን ውስጥ። ግን ስምንት መለኪያ ከጠየቁ ሰው ትቶ ይሄዳል። እንደ ልብሱ ዓይነት ሁለት በቂ ነው። ገዢው ቤቱ ያለውን የሚሆነውን ልብስ ለክቶ ያነጻጽራል።

«በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» የሚባለውም ብዙ አይነግረንም፣ ለአንዱ ጥሩ የሆነው ለሌላው ያለቀለት ነው። ቀዳዳ አለው? የጎደለ ቁልፍ? ቀለሙ ለቋል? ብሎ መጠየቅና ደረጃውን አፑ ራሱ ከመልሱ ማውጣት ይሻላል።

ከዚያ ገንዘቡ። የማይተዋወቁ ሰዎች ስለሚገበያዩ ክፍያው መሃል ላይ አፑ ጋ ይያዛል። ቪንትድ ልብሱ ከደረሰ በኋላ ገዢው ችግር ካለ የሚያሳውቅበት ሁለት ቀን ይሰጣል፤ በ2013 የተጀመረው የጃፓኑ መገበያያ አፕ ሜርካሪ ደግሞ ገዢው ዕቃውን አይቶ ለሻጩ ነጥብ እስኪሰጥ ገንዘቡን ይይዛል። ኮሚሽኑስ ከማን ይቆረጥ? ፖሽማርክ አሜሪካ ውስጥ ከ15 ዶላር በላይ ከሆነ ሽያጭ ከሻጩ 20 በመቶ ይወስዳል፣ ቪንትድ ግን ለገዢው ዋስትና የሚያስከፍለውን «የጥበቃ ክፍያ» ከራሱ ከገዢው ነው የሚቀበለው። የትኛውም ይሁን፣ ጠቅላላ ሂሳቡ የመጨረሻው ገጽ ላይ ድንገት ሲያብጥ ሰው ይናደዳል። ከመጀመሪያው ይታይ።

ድርድርም አይቀርም። «ዋጋ አቅርብ» የሚል ቁልፍና ዝቅተኛ ገደብ ካለ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው የማያልቅ መልእክት ይቀንሳል። አጭበርባሪ ሰውን ከአፑ አውጥቶ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ መልእክት ውስጥ ስልክ ቁጥር ወይም ሊንክ ሲታይ ማስጠንቀቂያ መውጣት አለበት።

የሚረሱ ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ዕቃው አንድ ስለሆነ ሁለት ሰው እኩል ሊከፍል ይችላል፤ አንዱ መክፈል ሲጀምር ለጥቂት ደቂቃ ይቆለፍለት። የተሸጠ ልብስ ወዲያው ከፍለጋ ከሚጠፋ «ተሽጧል» ተብሎ ቢቆይ ቀጣዩ ሻጭ ዋጋ ይማርበታል። ከአንድ ሻጭ ሦስት ልብስ በአንድ ጥቅል መግዛት ካልተቻለ ደግሞ የርካሽ ልብስ መላኪያ ከልብሱ ይበልጣል።

አዲስ አፕ ሁሉንም ልብስ ይዤ ልነሳ ካለ ባዶ መደርደሪያ ነው የሚያሳየው። ከአንድ ጠባብ ነገር መጀመር ያዋጣል፣ ለምሳሌ ከሕፃናት ልብስ። ልጅ ቶሎ ያድጋል፣ ልብሱ ሳያልቅ ይጠብበታል፣ ስለዚህ ዛሬ የጠበበውን የሚሸጠው ወላጅ ቀጣዩን ልክ ፈልጎ እዚያው ይገዛል።