የቅሪተ አካል ቅጂ ምንድን ነው?

አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ወርደው ድንቅነሽን (ሉሲን) ካዩ፣ ያዩት ቅጂዋን መሆኑ አይቀርም። ዋናዋ በካዝና ተቆልፋ ነው የምትኖረው። ይህን ሲሰማ «ታዲያ የከፈልነው ውሸት ለማየት ነው?» የሚል አይጠፋም። ቅጂ እንዴት እንደሚሠራ ካወቁ ግን እንዲህ አይሉም።

ቅጂ፣ ባለሙያዎቹ «ካስት» የሚሉት፣ ቅርጹ በቀጥታ ከዋናው ቅሪተ አካል ላይ የተወሰደ ነው። ፈሳሽ የሲሊኮን ጎማ አጥንቱ ላይ ይለበጣል። ጎማው ሲረጋ ቀስ ተብሎ ይላቀቃል፤ የአጥንቱም ቅርጽ ውስጡ ታትሞ ይቀራል። ከዚያ ጄሶ ወይም ሬዚን (ሲቆይ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ይፈስስበታል። ሲጠነክር ይወጣና ዋናው እየታየ ቀለም ይቀባል። ሥራው ጥሩ ከሆነ ስንጥቁም፣ ጥርስ ላይ ያለው ጭረትም አይቀርም። ቀራፂ በዓይኑ አይቶ ከሚሠራው ሐውልት የሚለየውም በዚህ ነው።

ዋናውን ለምን አያሳዩንም? ቅሪተ አካል ድንጋይ ሆኗል ቢባልም ተሰባሪ ነው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባል ቦታ ስትገኝ ራሷ በመቶዎች የሚቆጠር ስብርባሪ ነበረች። ተገጣጥማ 47 አጥንት፣ ከሙሉ አጽም 40 በመቶ ያህል ሆነች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አንዱ አጥንቷ ቢደቅ ምትክ ከየት ይመጣል?

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያሳምነው የቤጂንጉ ታሪክ ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከከተማዋ አጠገብ ካለ ዋሻ የጥንት ሰው ቅሪቶች በብዛት ወጡ። በ1941 ከጃፓንና ከቻይና ጦርነት ለማሸሽ ታሽገው ሳለ ጠፉ፤ እስከ ዛሬም አልተገኙም። ደግነቱ ቀደም ብሎ ቅጂ ተሠርቶላቸዋል። ዛሬ ተመራማሪዎች ስለ እነዚያ የራስ ቅሎች ቅርጽ የሚነጋገሩት እነዚያን ቅጂዎች ይዘው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቅጂው ዋናውን ይቀድመዋል። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ታዋቂው ዳይኖሰር፣ «ዲፒ»፣ የጄሶ ቅጂ ነው። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ አሠርቶ ሰጥቶ በ1905 ለሕዝብ ታየ። ዋናው አጽም አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ውስጥ ቆሞ የታየው በ1907 ነው። ቺካጎ ያለችው ቲሬክስ (ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር)፣ «ሱ»፣ ደግሞ አካሏ የራሷ ሆኖ ጭንቅላቷ ቅጂ ነው፤ እውነተኛው ከባድ ስለሆነ ለብቻው ተቀምጧል።

የጎደለስ እንዴት ይሞላል? የግራው ካለ ቀኙ በእሱ ልክ ተገልብጦ ይሠራል። ካልሆነ ከዚያው ዝርያ ከሌላ ግለሰብ ይወሰዳል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ግምትም ይገባል። ስለዚህ ቆሞ የሚታይ ሙሉ አጽም ሲያጋጥምዎ የትኛው ተገኝቶ የትኛው እንደተሞላ ይጠይቁ። ጥሩ ሙዚየም በቀለም ለይቶ ያሳያል። «ቅጂ» የሚለውን ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚጽፉትን ግን አልወድም። ጎብኚውን የሚያስኮርፈው ይሄ ነው እንጂ ቅጂው አይደለም።

ቅጂ የማይችለውም አለ። የሚይዘው ላዩን ብቻ ነው። ጥንታዊ ፍጡር ምን ይበላ እንደነበር ከጥርሱ ኬሚካል ለማወቅ፣ የአጥንቱን የውስጥ አሠራር ለማየት ዋናው የግድ ነው። ድንቅነሽ ከ2007 እስከ 2013 አሜሪካ በቆየችበት ጊዜ፣ በ2008 ቴክሳስ ውስጥ በሲቲ ስካን (ውስጥን በኤክስሬይ በሚያሳይ መሣሪያ) ተነስታለች። ጉዞዋ ያኔ ብዙ አከራክሯል፤ ብትሰበርስ ያሉ ሳይንቲስቶች ነበሩ። በስካኑ ላይ ተመሥርተው አንዳንድ ተመራማሪዎች በ2016 «ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» አሉ። ሁሉም ግን አልተቀበላቸውም። በዚያው ዓመት፣ ብሔራዊ ሙዚየማችን ፈቅዶ፣ የትከሻዋና የጉልበቷ ዲጂታል ፋይል ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። ዛሬ ስሪዲ ፕሪንተር (ከዲጂታል ፋይል የሚጨበጥ ቅርጽ የሚያወጣ ማተሚያ) ያለው ትምህርት ቤት የድንቅነሽን ጉልበት አትሞ ለተማሪዎቹ በእጃቸው ሊሰጣቸው ይችላል። ከእጃቸው ቢወድቅም ሌላ ማተም ነው።